ሳል ሳንባ ላይ አይቆምም

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ኢትዮጵያ በሚወጣው መንገድ፣ ከከተማዋ 12 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ሰፈር ሹፌሩ ሁሉ ፔካ 12 ይለዋል። ተራ የሚጠብቅ ተሳቢ የሚደረደርበት፣ ጎማ የሚጠገንበት፣ ሹፌርና ረዳት ከመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው የሚያድሩበት፣ አማርኛው እንደ ሚሌና እንደ አዋሽ የሚሰማበት ቦታ ነው። ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው በጅቡቲ ወደቦች በኩል ያልፋል፤ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት ከጀመረ በኋላም ቢሆን የጭነቱ ትልቁ ክፍል አሁንም በጎማ ላይ ነው። ስለ ፔካ 12 ጤና ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታሰበው ኤች አይ ቪ ነው። ለሹፌሮችና ለነዋሪው ምክርና ምርመራ የሚሰጥ ማዕከል እዚያ የተከፈተውም በዚህ ምክንያት ነበር፤ መልካም ሥራም ሠርቷል። ይህ ዳሰሳ የሚያነሣው ግን ያን ያህል ትኩረት ያላገኘ ጉዳይ ነው። አስም፣ የቆየ ብሮንካይት፣ ሐኪሞች ሲኦፒዲ የሚሉት የአየር ቧንቧ መጥበብና ከቲቢ የተረፈ የሳንባ ጉዳት ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

ጥያቄውን ከፔካ 12 ያስነሣነው በምክንያት ነው። ሳንባንና ልብን አብረው የሚጎዱ ተብለው በጥናት የተለዩ ነገሮች በአብዛኛው እዚህ አንድ ቦታ ላይ ይገኛሉ። የናፍጣ ጭስ፣ የከሰል ጭስ፣ ሲጋራ፣ አቧራ፣ ጫት፣ የተቆራረጠ እንቅልፍና በበጋው ወራት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት በአንድ ሰው ላይ በአንድ ሌሊት ይደርሳሉ።

ከሁሉ በፊት ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር እናስቀድም። ሲኦፒዲ ያለበት ሰው መጨረሻው ትንፋሽ አጥሮት መሞት ይመስለናል። ሕመሙ ቀላል ወይም መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰውን በብዛት የሚገድሉት ግን የልብና የደም ሥር ሕመም እንዲሁም የሳንባ ካንሰር ናቸው። ትንፋሽ ማጠር ቀዳሚ ገዳይ የሚሆነው ሕመሙ እጅግ ሲጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንተና እንዳሳየው ሲኦፒዲ ያለባቸው ሰዎች የልብና የደም ሥር ሕመም የሚገኝባቸው ከሌላው ሰው ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ በሚደርስ መጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሲኦፒዲ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 3.5 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፤ ከ70 ዓመት በታች ሆነው ከሚሞቱት 90 በመቶ ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በሞት ወረቀቱ ላይ «ልብ» ወይም «ስትሮክ» ተብሎ የተጻፈላቸው፣ ሕመማቸው ግን ከሳንባ የጀመረ ሰዎች እዚህ ቁጥር ውስጥ አልገቡም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተገቢ ተቃውሞ ሁሉን የሚያመጣው ሲጋራው ነው የሚለው ነው። ሲጋራ ሳንባንም ልብንም ስለሚጎዳ ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ምን ያስደንቃል? ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። በስኮትላንድ ሬንፍሩና ፔይስሊ በተባሉ ከተሞች ከ15,000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው ጥናት ግን ሌላም ነገር አሳይቷል። በአንድ ሰከንድ በኃይል የሚያስወጡት አየር አነስተኛ የሆነ ሰዎች በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ይህም ሲጋራ ነክተው በማያውቁት ላይ ጭምር ታይቷል። ስለዚህ የሳንባ አቅም መቀነስ ከሲጋራው ባሻገር ስለ ልብ የሚነግረን ነገር አለው። ለእኛ አገር ሰው ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ሀብታም በሚባሉ አገሮች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ሲኦፒዲ ከትምባሆ ሲመጣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የትምባሆ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው። የቀረው ከጭስ፣ ከአቧራ፣ ከልጅነት የሳንባ ሕመምና ከቲቢ ነው። «እኔ አላጨስም» ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም።

ትስስሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንዲት መጥፎ ሳምንት በቅርብ መከታተል ይበጃል። ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ ጠዋት ጠዋት አክታ የሚያስለው፣ ዳገት ላይ የሚያለከልክ ሹፌር እናስብ። ጉንፋን ያዘው። በሁለተኛው ቀን ሳሉ ባሰ፣ አክታው ቀለሙን ለወጠ፣ ደረቱ ያፏጫል። ሳንባው ውስጥ ያለው ቁጣ በዚያ አይወሰንም፤ ቁጣውን የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ይፈስሳሉ፣ ጉበትም ደም የሚያረጋውን ፋይብሪኖጅን አብዝቶ ያመርታል። ደም በማርጋት የሚረዱት ፕሌትሌት የተባሉ የደም ሕዋሳት እርስ በርስ ለመጣበቅ ይዘጋጃሉ። ኦክስጅን ሲቀንስ ልብ ፈጥኖ መምታት ግድ ይሆንበታል፤ ፈጥኖ የሚመታ ልብ ደግሞ የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል፤ የሚደርሰው ግን ያነሰ ነው። አየር ገብቶ በደንብ ስለማይወጣ ሳንባው እንደተነፋ ይቀራል፣ ደረቱ ውስጥ ያለውን ቦታ ይይዛል፣ ልብ በየምቱ የሚሞላው ደም ይቀንሳል። ሰውየው ሳሉን ለማስታገስ ፓፉን ደጋግሞ ይነፋል፤ በውስጡ ያለው ሳልቡታሞል በተራው የልብ ምቱን ያፈጥናል። በዚህ መካከል፣ ለዓመታት በልብ ደም ወሳጅ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ተጋግሮ የኖረ ስብ ቢሰነጠቅ፣ እዚያ ላይ የሚረጋው ደም ቧንቧውን ለመዝጋት አይቸገርም።

ይህን የሚደግፉ ቁጥሮች ጠንካራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝ የሕክምና መዝገቦች ላይ የተሠራ ጥናት ሲኦፒዲ ከተባባሰ በኋላ ባሉት አምስት ቀናት ውስጥ የልብ ድንገተኛ ሕመም ዕድል ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን፣ የስትሮክም ዕድል ለሰባት ሳምንታት ያህል ከፍ ብሎ እንደሚቆይ አሳየ። ከ16,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ሰሚት የተባለው ጥናት ደግሞ ሕመሙ በተባባሰ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የልብና የደም ሥር አደጋ ወደ አራት እጥፍ፣ ሆስፒታል ለተኙት ደግሞ ወደ አሥር እጥፍ እንደሚደርስ አገኘ። ሲኦፒዲ የሌለባቸው ሰዎችም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት የልብ ድንገተኛ ሕመም አምስት እጥፍ፣ ስትሮክ ከሦስት እጥፍ በላይ እንደሚጨምር መዝግቧል። በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ኢንፍሉዌንዛ የያዛቸው ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት የልብ ድንገተኛ ሕመም ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ነበር። «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» የምንለው ሕመም ለአንዳንዱ ሰው የዓመቱ ከባድ ሳምንት ነው። ለዚህ ነው ሳሉ ሲብስበት ደረቱን የተጨነቀ ሰው «ሳሉ ነው» ተብሎ መሸኘት የለበትም የምለው።

አስምን በተመለከተ ማስረጃው የዚህን ያህል የጠነከረ አይደለም። ትልቁ ልዩነት የሚታየው ቀላልና አልፎ አልፎ በሚነሣ አስም ላይ ሳይሆን በየቀኑ መድኃኒት በሚያስፈልገው ላይ ነው። በአሜሪካ የልዩ ልዩ ብሔረሰብ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በየቀኑ መቆጣጠሪያ መድኃኒት የሚወስዱ የአስም ሕሙማን የልብና የደም ሥር ሕመም አደጋቸው ከሌላው በ60 በመቶ ያህል ከፍ እንዳለ አሳይቷል። በልጅነቱ አስም ኖሮት የዳነ ሰው በዚህ ምክንያት እንቅልፍ ሊያጣ አይገባውም።

ወደ ጭሱ እንመለስ። ሹፌር በፔካ 12 ሙቀት ውስጥ ለመተኛት ሞተሩን አስነሥቶ አየር ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ከጎኑ የቆመውም እንዲሁ ያደርጋል፤ ጠባብ ቦታ ላይ በተደረደሩ ተሳቢዎች መካከል የሚያድረው ረዳት ያንን ሁሉ ጭስ ሲስብ ያነጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ የፈረጀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ለልብ ያለው ጉዳት ግን ከዚያ በፊት በቀጥታ ታይቷል። ቀደም ሲል የልብ ድንገተኛ ሕመም አግኝቷቸው የዳኑ 20 ወንዶች ለአንድ ሰዓት በተመጠነ የናፍጣ ጭስ ውስጥ ሆነው በየመካከሉ ብስክሌት እንዲነዱ ተደረገ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። በጭሱ ውስጥ በነበሩበት ጊዜ ልባቸው ደም እንዳነሰው የሚያመለክተው የልብ ሞገድ ለውጥ በንጹሕ አየር ከነበሩበት ጊዜ ይልቅ ጎልቶ ታየ፣ ሰውነት የረጋ ደምን ለማሟሟት የሚያመነጨው ንጥረ ነገርም ቀነሰ። በጀርመን አውግስበርግ አካባቢ የተሠራ ጥናት ደግሞ የልብ ድንገተኛ ሕመም የያዛቸው ሰዎች ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በነበረው አንድ ሰዓት ውስጥ በትራፊክ መካከል የመገኘታቸው ዕድል ወደ ሦስት እጥፍ እንደነበረ አሳይቷል። አንድ ሰዓት ይህን ካደረገ፣ ሙያው መንገድ ለሆነ ሰው ስንት ሰዓት እንደሚደርስበት አንባቢ ያስላው።

በመንገዱ ዳር ቡና የምታፈላዋና ምግብ የምታበስለው ሴት ከሹፌሩ የተለየ ጭስ ትስባለች፤ ልቧና ሳንባዋ ላይ የሚያመጣው ግን ያው ነው። ከሰል በጠባብ ክፍል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ እሱም በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በገጠር ያሉት እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ከምጣዱ ሥር የሚወጣው የእንጨትና የኩበት ጭስም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 የሞቱትን ሰዎች 3.2 ሚሊዮን ብሎ ገምቷቸዋል። አብዛኛው ሰው ይህ ሞት በሳንባ ነው ብሎ ይገምታል። የድርጅቱ ስሌት ግን 32 በመቶው በልብ የደም ሥር መጥበብ፣ 23 በመቶው በስትሮክ ነው ይላል፤ ሲኦፒዲ የያዘው ድርሻ 19 በመቶ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው የቤት ጭስ ሞት የልብና የአንጎል ሞት ነው ማለት ነው። የተሻሻሉ ምድጃዎችን ማዳረስ ተገቢ ነው፤ «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶና ጭስ እንደሚቀንስ ያየው ሁሉ ያውቃል። ይሁንና በማላዊና በሌሎች አገሮች የተሠሩ ትላልቅ የምድጃ ሙከራዎች በጤና ላይ የተጠበቀውን ያህል ውጤት አላመጡም። ምድጃው ቢለወጥም ጎረቤት፣ መንገድና የሚቃጠል ቆሻሻ ጭሳቸውን አላቆሙምና። በእኔ አስተያየት ይህ የሚያስተምረን ጭስን በየቤቱ ብቻ ሳይሆን በየሰፈሩ መቁጠር እንዳለብን ነው።

ሲጋራን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፣ የቀረው በሰፊው ይታወቃልና። «ቀንሻለሁ፣ አሁን በቀን አንድ ሁለት ብቻ ነው» የሚሉ ሹፌሮች ብዙ ናቸው። ለሳንባ መቀነስ ይጠቅማል፤ ለልብ ግን ጥቅሙ የሚታሰበውን ያህል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ትንተና በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው 20 የሚያጨሰው ከሚደርስበት ተጨማሪ የልብና የስትሮክ አደጋ ግማሽ ያህሉን እንደሚሸከም አሳይቷል። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። የመኪና ጋቢና ለሹፌርና ለረዳት ሥራ ቦታ ነው፤ ረዳቱም አጨሰም አላጨሰም ያንኑ አየር ይስባል።

ጫት የሳንባ ጉዳይ ባይሆንም ከዚህ ዳሰሳ ሊቀር አይችልም። በየቀኑ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ወደ ጅቡቲ ይገባል፣ ሹፌሩም እንቅልፍን ለማሸነፍ ይቅመዋል። ውስጡ ያለው ካቲኖን የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፣ የልብ ደም ሥሮችን ያኮማትራል። በየመን የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ከሌሎች መንስኤዎች ተለይቶም ከልብ ድንገተኛ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ፣ አደጋውም ከሚቃመው መጠን ጋር እንደሚጨምር አገኘ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሆስፒታል የገቡ የልብ ሕሙማንን የመዘገበ ሌላ ጥናት ደግሞ ቃሚዎቹ በሆስፒታል ውስጥ የመሞትና በስትሮክ የመመታት ዕድላቸው ከፍ ብሎ እንደታየ አስፍሯል። ሳንባው የተጎዳ፣ ኦክስጅን ያነሰው፣ ደሙ ለመርጋት የቀረበ ሰው ጫትና ሲጋራን ሲደምርበት ምን እንደሚሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

እንቅልፍም የራሱ ድርሻ አለው። ሌሊት የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ እየተቋረጠ በድንጋጤ የሚነቃ፣ ቀን መሪ ላይ የሚያንጎላጅ ወፍራም ሹፌር ምናልባት የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ሕመም አለበት። ይህ ሕመም ከደም ግፊት፣ ከልብ ምት መዛባትና ከስትሮክ ጋር በጠንካራ ሁኔታ ይያያዛል። ሲኦፒዲ ከታከለበት ሌሊት የሚወርደው ኦክስጅን ይብስበታል። በአፍንጫ አየር የሚገፋ መሣሪያ ግን አደጋውን ያጠፋዋል ማለት አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመ ከ2,700 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ መሣሪያው የልብና የስትሮክ አደጋን እንዳልቀነሰ አሳየ። ተሳታፊዎቹ በአማካይ ከሦስት ሰዓት ብዙም ለማይበልጥ ጊዜ ነበር በሌሊት የሚጠቀሙበት፤ ስለዚህ ክርክሩ አልተዘጋም። ቀን መሪ ላይ እንቅልፍ መከልከሉ ብቻውን ግን በእነዚህ መንገዶች ላይ ነፍስ ያድናል።

የመንገዱ ከፍታ ራሱ የሚያመጣው ነገርም አለ። ፔካ 12 ከባሕር ጠለል ብዙም አይርቅም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጤነኛ ሰው ይህን ይለምደዋል። ሳንባው የተበላሸ ሰው ግን ኦክስጅን ሲያንሰው የሳንባው ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ደሙን በእነዚያ ጠባብ ሥሮች የሚገፋው የቀኝ ልብ ይደክማል፣ በጊዜ ብዛትም ይሰፋል። እግር ያብጣል፣ የአንገት ደም ሥር ይወጠራል፣ ጉበት ይከብዳል። ስለዚህ «ጅቡቲ ስደርስ ትንፋሼ ይሻለኛል፣ አዲስ አበባ ስገባ ግን ይይዘኛል» የሚል ሹፌር ቢያጋጥም ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ የኦክስጅኑን ደረጃ ሊመረምር ይገባል። ወደ ቆላው ሲወርድ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ላቡ ሲፈስ ውሃ ያልጠጣ ሰው ደሙ ይወፍራል፣ ልቡም ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ሲልክ በእጥፍ ይሠራል። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ መንዳት በእግር ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያመቻል፤ የረጋው ደም ተነሥቶ ሳንባ ላይ ሲያርፍ በድንገት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ እሱንም «አስሙ ተነሣበት» ብለው የሚያልፉት አሉ።

የዚህ ጉዳይ ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ነው፦ ሁለቱ ሕመሞች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። የሁለቱም ዋና ምልክት ትንፋሽ ማጠርና ሳል ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በጅቡቲ የቆየ ሳል ሲሰማ ቀድሞ የሚታሰበው ቲቢ ነው፤ በጅቡቲ ለዚህ የሚታወቀው የፖል ፎር ማዕከል ነው። ቀድሞ መታሰቡ ትክክል ነው፣ ቲቢ በሁለቱም አገሮች ከባድ ጫና ነውና። ነገር ግን አክታው ተመርምሮ ቲቢ ካልተገኘ በኋላ ጥያቄው መቀጠል አለበት። በልጅነቷ ሕክምና ያላገኘ የጉሮሮ ሕመም የልብ በሯን አጥብቦባት ያደገች ወጣት ሴት ስትስል፣ አክታዋም ደም ሲቀላቅል፣ የሳንባ ሕመምተኛ ናት ተብላ ወራት ልታሳልፍ ትችላለች። የግራ ልቡ የደከመ ሰው ሳንባው ውሃ ሲቋጥር ደረቱ እንደ አስም ያፏጫል። ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰውም የሳንባው ጠባሳ ይዞት ይቀራል፤ ዓመታት አልፈው የሚያጥረው ትንፋሽ ከዚያ ጠባሳ ወይም ጠባሳው ካደከመው የቀኝ ልብ ሊመጣ ይችላል።

ጥሩ ሐኪም ሁለቱን ለመለየት ከመሣሪያው በፊት ይጠይቃል። ሌሊት ስንት ትራስ ትደራርባለህ? ተኝተህ ሳለ ትንፋሽ አጥሮህ ተነሥተህ መስኮት የከፈትክበት ጊዜ አለ? ማታ ማታ ጫማህ ይጠብብሃል? ቁርጭምጭሚቱን በጣቱ ጫን አድርጎ ጎድጎድ ብሎ እንደሚቀር ያያል። እነዚህ ጥያቄዎች ሁለት ደቂቃ ይወስዳሉ፣ ገንዘብ አይጠይቁም፣ በፔካ 12 የሚገኝ ትንሽ ክሊኒክም ሊጠይቃቸው ይችላል። ሳንባ የሚነፋበት የስፓይሮሜትሪ መሣሪያ በብዙ ቦታ አይገኝም፤ የደም ግፊት መለኪያ ግን የሌለው ጤና ጣቢያ እምብዛም ነው።

መድኃኒቱም ነገሩን ያወሳስበዋል። ለደም ግፊትና ለልብ ድካም በሰፊው የሚሰጠው ኤናላፕሪል ከ10 ሰው ገደማ አንዱን ደረቅ ሳል ያስይዘዋል፤ ይህን ያላወቀ ሕመምተኛ ሳሉን ይዞ ከፋርማሲ ወደ ፋርማሲ ይዞራል፣ ወይም መድኃኒቱን በራሱ ያቆምና ግፊቱ ይፈነዳል። አስም ላለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል አደገኛ ነው። በሌላ በኩል ልብን ለይተው የሚሠሩት ቢሶፕሮሎልና ሜቶፕሮሎል ሲኦፒዲ ላለበት፣ የልብ ምክንያትም ላለው ሰው ይሰጣሉ፤ «ሳል አለብህ» ተብሎ ከልብ መድኃኒቱ የሚከለከል ሰው ይጎዳል። የልብ ምክንያት ለሌለው ግን ሳንባውን እናክምበታለን ብሎ መስጠት አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የሜቶፕሮሎል ሙከራ የሳንባ ሕመም መባባስን አልቀነሰም፣ ሆስፒታል የሚያስገባ መባባስም መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በዝቶ ተገኘ። የደም ስብን የሚቀንሰው ሲምቫስታቲን በተመሳሳይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤት አልባ ሆኗል። ለረጅም ጊዜ በአገራችን ሲሰጥ የኖረው ቴዎፊሊንና ኤፌድሪን የተደባለቁበት ክኒን ልብን ያፈጥናል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በየመንገዱ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌ ትንፋሹን ለጊዜው ቢያቀልለውም ተደጋግሞ ሲወሰድ የደም ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በፓፍ ወደ ሳንባ በቀጥታ የሚገባው መድኃኒት ከክኒኑና ከመርፌው ይልቅ ለልብ ይቀላል፤ አደጋው ማስታገሻውን ብቻ ደጋግሞ እየነፉ መቆጣጠሪያውን መተው ነው።

የሚሠራው ምንድን ነው? ከሁሉ በላይ ማጨስ ማቆም፤ በሁለቱም ሕመሞች ላይ ጥቅሙ ጥርጥር የለውም። ቀጥሎ የደም ግፊትን ማወቅና ማውረድ። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂዎች 16ቱ ያህል ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር፤ መድኃኒት የሚወስዱት ግን ከእነሱ ውስጥ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ለስትሮክ ዋናው በር ግፊት ነው፣ ሳንባው የታመመ ሰውም ግፊቱ ችላ ሊባል አይገባም። ልባቸው ድንገት ታሞ ለዳኑ ሰዎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የተሰጠበትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሙከራ ዳግም የመታመምና የመሞት አደጋ በሩብ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል፤ ክትባቱ በእኛ አካባቢ በሰፊው አይገኝም፣ ቢያንስ ለሹፌሮችና ለሳንባ ሕሙማን እንዲመጣ መጠየቅ ግን ይቻላል።

ለትራንስፖርት ማኅበራትና ለመኪና ባለቤቶች የምለው ይህ ነው። በፔካ 12 ለኤች አይ ቪ የተሠራው ሥራ ሹፌር ባለበት ቦታ ሄዶ መመርመር እንደሚቻል አሳይቷል፤ በዚያው መንገድ ግፊት መለካት፣ ትንፋሽ መጠየቅ፣ ማጨስ ለማቆም ማገዝ ይቻላል። የመንጃ ፈቃድ የጤና ምርመራ ዓይንና ጆሮን ብቻ ሳይሆን ሳልን፣ ግፊትንና ቀን ቀን መንጎላጀትን ይጠይቅ። ሞተር ሳይነሣ ሌሊቱን የሚታደርበት ጥላና ማረፊያ ይሠራ፤ ከሆስፒታል ወጪ ይረክሳል።

ሹፌሮች ሆይ፦ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ካለባችሁ ለቲቢ ብቻ አትመርመሩ፣ ግፊታችሁንም አስለኩ፣ 140 በ90 ከደረሰ ተከታተሉት። ሳሉ ሲብስባችሁ ደረት ከጨነቃችሁ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ የባልንጀራችሁ ፊት ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ ወይም አንደበቱ ከተኮላተፈ ተራ አትጠብቁ፣ ጭነቱን ትታችሁ ያን ሰው ሆስፒታል አድርሱት።